ክራሩ አልወረደም ነበር፦ ሐዋሳ ላይ በአንድ የቤት ስቱዲዮ የገጠመ የሳምፕል ሬት ጉዳይ

ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ፣ ከቤታችን ጀርባ ባለች ሦስት በአራት ክፍል ውስጥ ድምፅ እቀዳለሁ። ግድግዳዋ ላይ ብርድ ልብስና ያረጀ ፍራሽ ሰቅያለሁ። ጣሪያዋ ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲመጣ ሥራ ይቆማል፤ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ መጥቶ ሲያርፍበትም እንደዚያው። ዕቃዬ አንድ ላፕቶፕ፣ ሁለት ማይክ የሚቀበል የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ፣ አንድ ኮንደንሰር ማይክ፣ ሄድፎንና ሁለት ትንንሽ ስፒከሮች ናቸው። የሰፈር ዘፋኞች፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች፣ ለሠርግ መልእክት የሚያስቀዱ ሰዎች ይመጣሉ።

እዚህ የምጽፈው ባለፈው ግንቦት በአንድ ሳምንት ውስጥ የሆነውን ነው። ከነቁጥሩና ከነቅደም ተከተሉ የማስቀምጠው ተመሳሳይ ችግር የገጠመው ሰው እኔ ያጠፋሁትን ቀን እንዳያጠፋ ብዬ ነው። ሌላም ምክንያት አለኝ። የማሽን ስህተትን በሰው ላይ አላክኬ ነበር፤ ያውም ዕድሜያቸውን ሙሉ ክራር ሲመቱ በኖሩ አባት ላይ።

ከቅዳሜ እስከ ሐሙስ

ሥራው አንድ የባቲ ቅኝት ዘፈን ነበር፦ ክራር፣ ዋሽንትና የሴት ድምፅ። ክራር የሚመቱልን ደሴ ተወልደው ሐዋሳ ከገቡ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆናቸው ሰው ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ። ዋሽንት የሚነፋው ጓደኛዬ ነው። ዘፋኟ የጎረቤታችን ልጅ ናት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክራሩን ቀዳን። ዋሽንት ክሩ እየላላና እየጠበቀ የሚቃኝ መሣሪያ አይደለም፤ ሸምበቆው አንዴ ከተቆረጠና ከተበሳ ድምፁ ያው ነው። ስለዚህ ነፊዎች የተለያየ ርዝመት ያላቸውን ዋሽንቶች በአንድ ከረጢት ይዘው ይዞራሉ፤ ሌላው መሣሪያ ነው ወደ ዋሽንቱ የሚመጣው። ጓደኛዬ በኤ ቁልፍ የተሠራውን ዋሽንት (ኤ፣ ጂ ሻርፕና ጂ ከላይ ወደ ታች የሚከታተሉ ቁልፎች ናቸው) አውጥቶ ድምፁን ሰጠ፣ ጋሼም ክራራቸውን በዚያ ቃኙ። እኔ በስልኬ ቲውነር፣ የድምፅን ከፍታ በሚለካው መተግበሪያ፣ አየሁት፤ የክራሩ መነሻ ክር ልክ 220 ኸርዝ ላይ ቆመ። የጋሼ የወንድም ልጅ ቪዲዮ በስልኩ እየቀረጸ ስለነበር፣ ፕሮጀክቱን ቪዲዮ በሚሠራበት ሳምፕል ሬት (ድምፁ በሰከንድ በሚለካበት ብዛት)፣ በ48,000 ኸርዝ ከፈትሁት። ጋሼ በሁለተኛው ሙከራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይሳሳቱ መቱ። ርዝመቱ 4 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ሆነ። ክራራቸውን በነጠላ ጠቅልለው ሄዱ።

ማክሰኞ ሌላ ደንበኛ መጣ። ከሲዲ የተወሰደ ሙዚቃ ይዞ ስለነበር ሳውንድ ካርዱን ወደ 44,100 ቀየርሁ፤ ድምፁን ቀዳሁለት፣ ሄደ። ውጤቱን የሰማሁበትን የሙዚቃ ማጫወቻ ፕሮግራም ሳልዘጋው ላፕቶፑን ከድኜ ወጣሁ።

ረቡዕ ዘፋኟ መጣች። በዚያን ቀን መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ስለነበር ቸኩያለሁ። የቅዳሜውን ፕሮጀክት ስከፍት አንዲት ትንሽ ሳጥን ብቅ አለች፤ ሳውንድ ካርዱ የተጠየቀውን ሳምፕል ሬት ሊቀበል አልቻለም የምትል። «እሺ» የሚለውን ተጭኜ አለፍኋት። በፕሮግራሙ ግርጌ ላይም 48,000 የሚለው ቁጥር ከወትሮው በተለየ ቀለም ተጽፎ ነበር። ዓይኔ አይቶታል፤ ልቤ ግን አላየውም። ዘፋኟ ሄድፎኑን አድርጋ ክራሩን ትንሽ እንደሰማች እንዲህ አለች፦

«ጋሼ ዝቅ አድርገውልኛል መሰለኝ። የልምምዱ ቀን እኮ ከፍ ብሎብኝ ጉሮሮዬን አስጨንቆኝ ነበር፤ ዛሬ ተመቸኝ።»

ጋሼ ምንም ዝቅ አላደረጉም። እኔም ይህን አውቃለሁ፤ በቲውነር ያየሁት እኔው ነኝ። ነገር ግን ዘፋኝ ተመቸኝ ስትል ማን ጥያቄ ያነሣል? ቀዳኋት። መልሼ ሳሰማት ድምፅዋ የራሷ ድምፅ ነው፣ ከክራሩም ጋር ተስማምቷል። ደስ ብሎን ተለያየን።

ሐሙስ ዋሽንቱ ተራው ሆነ። ጓደኛዬ የኤውን ዋሽንት ሁለት ጊዜ ነፋና አቆመ። የጂ ሻርፑን አወጣ፤ ከክራሩ ከፍ አለበት። የጂውን ሞከረ፤ ዝቅ አለበት። ከረጢቱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ጨረሰ። በመጨረሻ ዋሽንቶቹን መልሶ እየከተተ «ይሄ ክራር በሁለት ቁልፍ መካከል ነው ያለው። ጋሼ ያን ዕለት ወርዶባቸው ነበር» አለኝ።

እኔም አመንሁት። ሳልመረምር ስልክ አንሥቼ ለጋሼ ደወልሁ፤ ክራሩ ሳይወርድባቸው እንዳልቀረ፣ ምናልባት ደግመው መምታት ሊኖርባቸው እንደሚችል ነገርኋቸው። ትንሽ ዝም አሉና «ልጄ፣ ክራሬ ቢወርድ እኮ መጀመሪያ የምሰማው እኔ ነኝ» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ማታ ዘፈኑን ኤክስፖርት አድርጌ (ወደ አንድ ፋይል አውጥቼ) ለዘፋኟ በቴሌግራም ላክሁላት። ወዲያው ደወለች። «ኧረ ይሄ እኔ ነኝ? የታናሽ እህቴ ድምፅ እኮ ነው የሚመስለው! ደግሞ ለምንድነው እንዲህ የምሮጠው?»

ፋይሉን በራሴ ስልክ ከፈትሁት። እውነቷን ነው፤ ድምፅዋ ቀጥኗል፣ ሩጫም አለበት። ይበልጥ የገረመኝ ግን ክራሩ ነው። ስልኬ ላይ ክራሩ ልክ ነበር። ቅዳሜ የሰማሁት የጋሼ ክራር፣ በትክክለኛ ቦታውና በትክክለኛ ፍጥነቱ።

ይህች ቅጽበት ናት የጉዳዩ ቁልፍ። ላፕቶፑ ላይ ክራሩ ዝቅ ይላል፣ የእሷ ድምፅ ልክ ነው። ስልኩ ላይ ክራሩ ልክ ነው፣ የእሷ ድምፅ ከፍ ይላል። ያው አንድ ፕሮጀክት ነው። ጋሼ ተሳስተው ቢሆን ኖሮ ስልኩም ላይ ስህተታቸው ይከተላቸው ነበር።

ሰዎች ያሉኝና ያልሠራው

ዓርብ ጠዋት ያማከርኋቸው ሁሉ ከልብ አሰቡልኝ፤ እያንዳንዱን ምክር መርምሬዋለሁ፣ ስለዚህ ያልሆነበትን ምክንያት ላስቀምጥ።

አጎቴ መብራቱን ጠረጠረ። በካሴት ዘመን ያደገ ሰው ይህን ማለቱ ትክክል ነው፦ ባትሪ ሲደክም ቴፑ ይጎትታል፣ ድምፁም ይወፍራል፤ ካሴቱን የሚያዞረው ሞተር ስለሚዘገይ። ሳውንድ ካርድ ውስጥ ግን የሚዞር ነገር የለም። ጊዜውን የሚቆጥረው የኳርትዝ ክሪስታል ነው፤ መብራት ሲዳከም ቀስ እያለ አይጎትትም፣ ወይ ይሠራል ወይ ይጠፋል።

ሌላው ብሉቱዝ ነው አለ። በብሉቱዝ ሄድፎን ማይኩ ሲከፈት ድምፁ በአብዛኛው ወደ 16,000 ወይም ወደ 8,000 ኸርዝ ይወርዳል፤ ስልክ እንደመስማት ይሆናል። ነገር ግን ይህ የድምፁን ጥራት ያደበዝዛል እንጂ ቁልፉን አያወርድም፣ ዘፈኑንም አያረዝምም። ይህ ልዩነት ሊታወቅ ይገባል፦ ኮምፒውተሩ በሁለት ሳምፕል ሬት መካከል በትክክል እያሰላ ሲለውጥ የሚጠፋው ቀጭኑ የድምፅ ክፍል ነው። ቁልፉና ፍጥነቱ አብረው የሚቀየሩት ሳይለወጥ፣ በተሳሳተ ፍጥነት ሲነበብ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ያን ሳምንት በሽቦ ሄድፎን ነበር የምሠራው።

ሦስተኛው የሁለት መሣሪያዎች ክሪስታል አለመገጣጠም ነው። ይህ በእርግጥ ያለ ነገር ነው። ሁለት መሣሪያዎች ሁለቱም 48,000 ቢሉም አንዱ ከሌላው በጣም በጥቂቱ ሊቀድም ይችላል፤ ረጅም ስብከት በስልክና በሳውንድ ካርድ እኩል የቀዳ ሰው መጨረሻው አካባቢ ከንፈርና ድምፅ ሲለያዩ ያየዋል። መጠኑን ግን እናስላ። ልዩነቱ ከሚሊዮን 50 እጅ ቢሆን በአንድ ሰዓት 0.18 ሰከንድ ነው። በአራት ደቂቃ ዘፈን ውስጥ ጆሮ የማይለየው ነው። የእኔ ችግር በሰከንድ ስብርባሪ የሚለካ አልነበረም።

አራተኛው «ወደ 96,000 አውጣው፣ ይጠራልሃል» የሚለው ነው። ይህ ምክር በየስቱዲዮው ስለሚሰማ ትንሽ ልቆይበት። ከፍ ያለ ቁጥር የተሳሳተ ቁጥርን አያርምም። አንድ ሳምፕል ሬት ሊይዝ የሚችለው ከፍተኛ ድምፅ የራሱን ግማሽ ያህል ነው፤ 48,000 እስከ 24,000 ኸርዝ ድረስ ይይዛል፣ የጤነኛ ወጣት ጆሮ ደግሞ እስከ 20,000 አካባቢ ነው የሚሰማው። በ24 ቢት የተቀዳ አንድ ትራክ በ48,000 በደቂቃ 8.64 ሜጋባይት ይወስዳል፣ በ96,000 ደግሞ 17.28። የእኔ ላፕቶፕ ይህን ተሸክሞ ሊሄድ አይችልም። ቢችልም እንኳ ጋሼን ከክሱ ነጻ አያወጣቸውም ነበር።

መለካት

የወንድማቸው ልጅ የቀረጸውን ቪዲዮ አስላክሁ። ስልኩ የራሱ ማይክና የራሱ ሰዓት ስላለው ከእኔ ዕቃ ነጻ የሆነ ምስክር ነው። ቪዲዮው ላይ የክራሩ መነሻ ክር 220 ኸርዝ፣ ዘፈኑ ከመጀመሪያው ምት እስከ መጨረሻው 4 ደቂቃ ከ12። ስለዚህ ጋሼ ቅዳሜ ልክ ነበሩ። ይህን ብቻ ለማወቅ አምስት ደቂቃ ፈጀብኝ፤ ሐሙስ ከመደወሌ በፊት ላደርገው እችል ነበር።

ቀጥሎ ፕሮጀክቱን ላፕቶፑ ላይ አጫወትሁና ቲውነሩን ከስፒከሩ ፊት ያዝሁት። 202 ኸርዝ። ጎን ለጎን ባሉ ሁለት የፒያኖ ቁልፎች መካከል ያለው ርቀት 100 ሴንት ተብሎ ይከፈላል፤ 202 ኸርዝ ከጂ ሻርፕ 47 ሴንት ዝቅ፣ ከጂ ደግሞ 53 ሴንት ከፍ ያለ ነው። መሐል ለመሐል። ጓደኛዬ «በሁለት ቁልፍ መካከል» ያለው ከቲውነሩ ጋር አንድ ነበር፤ የሳተው ጥፋተኛውን እንጂ ቦታውን አልነበረም። ስድስቱንም ክሮች በየተራ ከቪዲዮው ጋር አመሳከርሁ። ሁሉም እኩል 147 ሴንት ወርደዋል። ክራር ሲወርድ እንዲህ አይወርድም፤ አንዱ ክር ይላላል፣ ሌላው ይጸናል፣ ቅኝቱ ይፈርሳል። እዚህ ግን ባቲው ባቲ እንደሆነ ነው ወርዶ የተገኘው።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ነው ሁሉንም የፈታው፣ ምንም ዕቃ አያስፈልገውም። የፕሮግራሙን የጊዜ መቁጠሪያ ከዜሮ አስነሥቼ በስልኬ የሰዓት መቁጠሪያ ለካሁት። ስክሪኑ 1 ደቂቃ ሲል ስልኬ 65.3 ሰከንድ ይላል። ደገምሁት፤ ያው ነው። ስክሪኑ ዘፈኑ በ4 ደቂቃ ከ12 አለቀ ሲል፣ በእውነተኛው ሰዓት 4 ደቂቃ ከ34 ሆኗል።

274 ሰከንድ ለ252 ሲካፈል 1.087 ይሆናል። 48,000 ለ44,100 ሲካፈል 1.088። 220 ለ202 ሲካፈል 1.089፤ ክፍልፋዩን ካላጠበቅን ሁሉም አንድ ናቸው። ሦስት የተለያዩ ነገሮች አንድ ቁጥር ሲሰጡ የቀረ ጥርጣሬ የለም። ለማረጋገጥ ያህል ብቻ 1,000 ኸርዝ የሆነ ንጹሕ ድምፅ በፕሮጀክቱ ውስጥ ፈጥሬ አጫወትሁ፤ ስልኬ 919 አለ።

ከስር የሆነው

ሳምፕል ሬት ማለት ሳውንድ ካርዱ በአንድ ሰከንድ ውስጥ የድምፁን ሞገድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ ነው። እያንዳንዱ ልኬት አንድ ቁጥር ሆኖ ይቀመጣል። ፋይሉ የእነዚህ ቁጥሮች ሰልፍ ነው፤ ቁጥሮቹ ራሳቸው በምን ያህል ፍጥነት መነበብ እንዳለባቸው አይናገሩም። ያን የሚናገረው በዌቭ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ያለው አጭር መግለጫ ነው። እህል የተሞላ ከረጢት ላይ እንደሚጻፍ ኪሎ ማለት ነው፦ ጽሑፉ ከውስጡ ጋር ካልተስማማ እህሉ አልተበላሸም፣ የሚሰፍረው ሰው ግን ይሳሳታል።

የጋሼ ክራር 252 ሰከንድ በ48,000 ሲባዛ 12,096,000 ልኬቶች ነበረው። ከረጢቱ ላይም 48,000 ተጽፎበታል፤ ትክክል ነው። ፕሮግራሙም 48,000 ላይ ነው። ሳውንድ ካርዱ ግን ከማክሰኞ ጀምሮ 44,100 ላይ ነበር፣ ሳልዘጋው የተውሁት የሙዚቃ ማጫወቻ ስለያዘው ረቡዕ ሊቀየር አልቻለም። ስለዚህ እነዚያን 12,096,000 ልኬቶች በሰከንድ 44,100 ብቻ እየቆጠረ አወጣቸው። 274 ሰከንድ የወሰደበት ለዚህ ነው። ሞገዱም ስለተለጠጠ ቁልፉ ወረደ።

የዘፋኟ ድምፅ ደግሞ በተቃራኒው ተጎዳ። ካርዱ ድምፅዋን በሰከንድ 44,100 ጊዜ ለክቶ ለፕሮግራሙ ሰጠው፤ ፕሮግራሙ ግን 48,000 ናቸው ብሎ ጻፈባቸው። ክራሩና ድምፅዋ በዚያው በሚጎትት ካርድ በኩል ሲሰሙ እርስ በርስ ስለሚስማሙ እቤት ሳለን ምንም አልታወቀንም። ኤክስፖርት ሲደረግ ግን ካርዱ የለበትም፤ ፕሮግራሙ ቁጥሮቹን በስሌት ብቻ ነው የሚደምራቸው። ስልኩ ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን አምኖ በ48,000 ሲያነበው ክራሩ ወደ ቦታው ተመለሰ፣ የእሷ ድምፅ ከቦታው ወጣ። እህቷን የመሰለችውም ቁልፏ ስለጨመረ ብቻ አይደለም። የጉሮሮና የአፍ ቅርጽ ለድምፅ የሚሰጠው ቃና አብሮ 8.8 በመቶ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ጆሯችን ይህን የትንሽ ልጅ አካል አድርጎ ነው የሚሰማው።

ሁለቱ ቁጥሮች ለምን ተለያዩ ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ 44,100 የመጣው ከቪዲዮ ካሴት ነው። ድምፅን በዲጂታል ለማስቀመጥ መጀመሪያ የተጠቀሙት በቪዲዮ ካሴት መቅጃ ስለነበር፣ ልኬቶቹ በምስሉ መስመሮች ላይ መደርደር ነበረባቸው፦ በመስመር 3፣ በ245 መስመሮች፣ በሰከንድ 60 ጊዜ። ሲባዛ 44,100 ነው። በሰከንድ 50 ጊዜ በሚሠራው በሌላኛው የቴሌቪዥን ሥርዓትም 294 መስመሮችን ተጠቅመው ያው ቁጥር ይገኛል። ሶኒና ፊሊፕስ በ1980ዎቹ መባቻ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የሲዲን መስፈርት ሲያወጡ ይህንኑ ወሰዱት። በፊልም፣ በቪዲዮና በስርጭት በኩል ደግሞ 48,000 ጸና። እኛም የስልክ ቪዲዮና ከሲዲ የተወሰደ ሙዚቃ በአንድ ሳምንት ውስጥ በአንድ ላፕቶፕ ላይ ስናገናኝ እነዚህን ሁለት ዓለሞች ነው የምናገናኘው።

ማስተካከል

ማስተካከሉ አጭር ነው። ሙዚቃ ማጫወቻውንና ኢንተርኔት መክፈቻውን ዘጋሁ። የሳውንድ ካርዱን መቆጣጠሪያ ስከፍት 44,100 የሚለው ቁጥር ከደበዘዘበት ነቅቶ መቀየር ቻለ፤ 48,000 አደረግሁት። ቀጥሎ በዊንዶውስ የድምፅ ማስተካከያ ውስጥ ገብቼ የማጫወቻውንም የመቅጃውንም ነባሪ ፎርማት 48,000 ላይ አደረግሁ። ብዙ ሰው የማጫወቻውን ቀይሮ የመቅጃውን ይረሳዋል፤ ሁለቱ በተለያየ ገጽ ላይ ናቸው። ፕሮጀክቱን ዘግቼ ከፈትሁ፣ ሳጥኗ አልመጣችም፣ የግርጌው ቁጥር ወደ ወትሮ ቀለሙ ተመልሷል። በስልኬ ለካሁ። 60 ለ60።

የዘፋኟን ፋይል ማዳን ግን ሐሳብ ይጠይቃል። እዚህ ላይ ሰዎች የሚያምታቱት አንድ ነገር አለ። ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም አንድን ትራክ ከስሙ ጎን ባለው ሜኑ «ሬት» በሚለው ስንቀይረው ከረጢቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ብቻ ነው የምንቀይረው፤ ልኬቶቹ አይነኩም፣ ፍጥነቱና ቁልፉ ይቀየራል። «ሪሳምፕል» የሚለው ደግሞ ልኬቶቹን ራሳቸውን እንደ አዲስ አስልቶ ይሠራል፤ ፍጥነቱና ቁልፉ ባለበት ይቆያል። የእሷ ፋይል በቅደም ተከተል ሁለቱም ያስፈልገው ነበር። መጀመሪያ ጽሑፉን ወደ እውነቱ፣ ወደ 44,100 መለስሁ፤ ድምፅዋ ወዲያው የራሷ ሆነ። ከዚያ ሪሳምፕል አድርጌ ወደ 48,000 አመጣሁት። ቅደም ተከተሉን የሚያዛባ ሰው ስህተቱን በፋይሉ ውስጥ ያትመዋል። ዋናውን ፋይል ሳይነኩ በቅጂ መሥራት ግዴታ ነው።

በድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ቁልፉን ብቻ 147 ሴንት ዝቅ አድርገህ ጨርሰው ያለኝም ነበር። ይህ ቁልፉን ይሸፍናል፣ ፍጥነቱን ይተወዋል፣ ድምፁ ላይም ጠባሳ ያስቀምጣል። ንጹሑ መንገድ እያለ ለምን?

ቀሪው ችግር

ፋይሎቹ አሁን ሁለቱም እውነተኛ ናቸው፤ አብረው ግን አይሄዱም። ክራሩ 220 ላይ ነው፣ እሷ የዘፈነችው ደግሞ 202 ላይ ካለ ክራር ጋር፣ በዚያው በዘገየ ፍጥነት ነው። ሁለት መንገድ ነበረኝ። የእሷን ድምፅ ወደ ላይ መልሼ የታናሽ እህቷን ድምፅ መቀበል፣ ወይም ክራሩን ረቡዕ እንደሰማችው ማዘግየት። ሁለተኛውን ሞክሬ ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ቤት በስልኬ ይዤ ሄድሁ።

በመጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅሁ። ላፕቶፕ ስላልያዝሁ ቁጥሮቹን በወረቀት ላይ ጽፌ ነበር፦ 220፣ 202፣ 252፣ 274። ማካፈሉን አብረን ሠራነው። ጋሼ ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አዩትና «ታዲያ ሁሉም ክር እኩል ከወረደ ክራር ነው ብለህ ለምን ጠረጠርህ?» አሉኝ። ያለ ቲውነርና ያለ ስሌት፣ በአንድ ጥያቄ የዓርቡን ምርመራ ጨረሱት። መልስ አልነበረኝም።

የዘገየውን ክራር አሰማኋቸው። ሦስት ምት ያህል ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄ የኔ እጅ አይደለም። ጣቴ ክሩን ከለቀቀው በኋላ ድምፁ ይጓተታል።» እውነታቸውን ነው። ማዘግየት ቁልፉን ብቻ ሳይሆን የክሩን መነሻ ምትና የክራሩን ሆድ ድምፅ ጭምር ይለጥጠዋል፤ ከርቀት ሲሰሙት ያሳልፋል፣ ክራሩን ለሚያውቅ ሰው ግን ሌላ ዕቃ ነው።

ከዚያ ዘፋኟ ምን እንዳለች ጠየቁኝ። ረቡዕ «ተመቸኝ» ማለቷን ነገርኋቸው። ክራራቸውን ከግድግዳ አውርደው መቃኛዎቹን አንድ በአንድ አላሉ። «ለልጅቱ ከፍ ብሎባት ከነበረ መጀመሪያውኑ ማን ነገረኝ? ለዋሽንቱ ብለን በኤ ቃኘን፣ ለእሷ ማንም አልጠየቀም» አሉ። ጓደኛዬ የጂ ዋሽንት እንዳለው አስታወስሁ። ጂ 196 ኸርዝ ነው፤ በስህተት ከሰማችው ከ202ም ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ዋሽንቱም አለ። ሁሉንም እንደ አዲስ ልንቀዳ ተስማማን፤ ይህ ሐሳብ የእኔ ሳይሆን የእሳቸው ነው።

በማግሥቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ አራታችንም ክፍሏ ውስጥ ተገኘን። ማንም ማይክ ፊት ከመቀመጡ በፊት ሌሎቹን ፕሮግራሞች ዘጋሁ፣ የካርዱን ቁጥር አየሁ፣ የፕሮጀክቱን አየሁ። ዘፋኟ ስልኳን አውጥታ አንድ ደቂቃ ለካችልኝ። ጓደኛዬ የጂውን ዋሽንት ነፋ፣ ጋሼ ቃኙ፣ ቲውነሩ 196 ላይ ቆመ። ጋሼ ክራሩን በመጀመሪያው ሙከራ ጨረሱ። ሲጨርሱ ሄድፎኑን አውልቀው ወደ እኔ ዞሩና «ስክሪኑ ስንት ይላል?» አሉ።

«4 ደቂቃ ከ18፣ ጋሼ።»

«የልጅቱ ስልክስ?»

ዘፋኟ ስልኳን አዞረችላቸው። 4 ደቂቃ ከ18። ጋሼ ክራሩን ጭናቸው ላይ አስተካክለው «በል አሁን ዋሽንቱን ጥራው» አሉ።